ኩፖኑ ቀረ፣ ጓዳው አለ፦ በትንሽ ገቢ ደህና አድርጎ ለመኖር

ልጅ ሳለሁ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ከቤቱ የሚያስወጣ አንድ ጩኸት ነበር፦ «ኅብረት ሱቅ ዕቃ መጣ!» ምን እንደ መጣ የሚጠይቅ የለም። እማዬ ኩፖኑን ከፍራሹ ሥር ታወጣና ዘንቢል አስይዛ «ሂጂ ተሰለፊ፣ እደርስብሻለሁ» ትለኛለች። አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ያህል ተሰልፌ የደረሰኝ አንድ ፓኮ ምላጭ ነበር። እኛ ቤት ደግሞ ጢም ያለው ሰው አልነበረም። እማዬ አልተከፋችም፤ በማግስቱ ምላጩን ለጎረቤት ሰጥታ ጨውና ክብሪት ይዛ ተመለሰች።

ያን የደርግ ዘመን፣ የቀበሌው ኅብረት ሱቅ በኩፖን የሚሸጥበትን፣ ላወድስ አይደለም። ልጆቻቸውን ያጡ እናቶች ሰፈራችን ውስጥ ነበሩ፤ በእነሱ ፊት ስለ ርካሽ ስኳር ማውራት ነውር ነው። ግን በዚያ ዘመን ቤት ያስተዳደሩ ሴቶች ሙያ ነበራቸው፣ ሙያውም ዛሬ በግማሹ ይሠራል። በግማሹ ያልኩት በምክንያት ነው። ያኔ ዋጋው የተተመነ፣ መደርደሪያው ባዶ ነበር። ዛሬ መደርደሪያው ሙሉ ነው፣ የሚያንሰው ብሩ ነው። አንድ ዶላር በደርግ ጊዜ 2.07 ብር ነበር። በመስከረም 1985 ዓ.ም. 5 ብር ገባ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ከ57 ብር ግድም ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ደመወዝተኛ ይህን ሁሉ የሚያየው ዘይት ሲገዛ ነው።

ከዚህ በታች ያለው የእኔ ቤት አሠራር ነው። አምስት ሰው ነን፣ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እንኖራለን፣ የሚገባው ሁለት ደመወዝ ነው። ከእማዬ የወረስኩትን የሚሠራውን ይዤ፣ የማይሠራውን ጥዬ ያቆምኩት ነው።

መጀመሪያ፦ ደብተር ያዙ፣ ግን ዓመቱን ጻፉበት

«ወጪያችሁን መዝግቡ» የሚለውን ምክር ሁሉም ይሰጣል። ብዙዎቻችን ሁለት ሳምንት ጽፈን እንተወዋለን፤ የታክሲና የቲማቲም ዝርዝር ምንም አያስተምርማ። እኔ የምጽፈው በብዛት ስለሚገዛ ዕቃ ብቻ ነው፦ ጤፍ፣ ዘይት፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቅቤ፣ ከሰል፣ ሳሙና። መቼ ተገዛ፣ በስንት ተገዛ፣ መቼ አለቀ። በቃ።

አንድ ዓመት ከሞላ በኋላ ቤታችሁ አንድ ኩንታል ጤፍ ስንት ቀን እንደሚያደርሰው ታውቃላችሁ። የእኔ ቤት ከ50 እስከ 60 ቀን ያደርሰዋል፤ በዓል ወይም እንግዳ ካለ 45። ይህን ቁጥር የማያውቅ ሰው ገበያ የሚወጣው እህሉ ሲያልቅበት ነው። አልቆበት የሚገዛ ሰው ደግሞ ዋጋ ለመከራከር ጉልበት የለውም፣ ነጋዴውም ከፊቱ ያነብበዋል።

ሁለተኛ፦ የሰልፍን ጠባይ ከቤት አስወጡ

ከኅብረት ሱቅ ዘመን የወረስነው ክፉ ነገር ይህ ነው፦ «ሊጠፋ ነው» ሲባል ቤት ያለውን ብር ሁሉ ይዞ መሮጥ። እማዬ ካረፈች በኋላ ከአልጋዋ ሥር ሠላሳ ሳሙና አግኝተናል። ግማሹ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሳሙና በየሱቁ ሞልቶ በነበረበት ጊዜ እንኳ እጇ መሰብሰቡን አላቆመም።

እኔም ይህ በሽታ አለብኝ። ዘይት ሊጨምር ነው የሚል ወሬ ስሰማ ልቤ ይመታል። ስለዚህ ለራሴ ገደብ አስቀመጥኩ፦ ከጤፍ፣ ከሽሮና ከበርበሬ በቀር ማንኛውንም ነገር ከሦስት ወር ፍጆታ በላይ አልገዛም። ዘይት ለሁለት ወር። ዱቄትና ፓስታ ለአንድ ወር ብቻ፣ ነቀዝና አይጥ ስለሚሻሙበት። ወሬ ስሰማ ደብተሩን እገልጣለሁ። ቤት ያለው ዘይት 40 ቀን የሚያደርስ ከሆነ አልነሳም። በወሬ ሰሞን የሚገዛ ሰው ወሬውን ራሱ ነው የሚከፍልበት፤ ብዙ ጊዜም ሦስት ሳምንት ቆይቶ ዋጋው መለስ ይላል። መለስ ያላለበትም ጊዜ አለ፣ አልዋሽም። ሆኖም ሁሉንም ወሬ ተከትሎ ከመግዛት አልፎ አልፎ መሳሳት ይሻላል።

ሦስተኛ፦ ገበያውን በወሩ ተከተሉት

የመመሪያው ሥር እዚህ ነው። በዓመት ውስጥ እያንዳንዱ ነገር የሚረክስበት ሰሞን አለው፤ ደመወዝ ግን በየወሩ እኩል ስለሚመጣ እኛም በየወሩ እኩል እንገዛለን። ይህን ማፍረስ ያስፈልጋል።

ታኅሣሥና ጥር የትልቅ ግዢ ወራት ናቸው። አዲስ ጤፍ ከአውድማ የሚወጣበት፣ ዛላ በርበሬ ከማረቆና ከሃላባ በኩል የሚገባበት፣ የባቄላና የአተር ምርት የሚደርስበት ጊዜ ነው። ለዚህ ሰሞን የሚሆን ገንዘብ ከየት ይመጣል ትሉ ይሆናል፤ ከእቁብ ነው፣ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ጤፍ ለማከማቸት የተፈጠረ እህል ነው፤ ፍሬው ከማነሱ የተነሳ ነቀዝ አይበላውም። ጠላቱ እርጥበት ነው። ከረጢቱን ወለል ላይ አታስቀምጡት፣ እንጨት ረብርቡበት፤ ከግድግዳ አንድ ክንድ ያህል አርቁት። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ በክረምት ምን እንደሚያስተላልፍ የኖረበት ያውቃል። ስትገዙ እጃችሁን እስከ ክርን ከረጢቱ ውስጥ አስገቡና ከሥሩ አውጥታችሁ እዩ። ላይኛው ማኛ ሆኖ ሥሩ ሌላ የሚሆንበት ጊዜ አለና። የግድ ማኛ ማለት የለባችሁም። ሰርገኛ ጤፍ ይጥማል፣ ያጠግባል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ነጭ እንጀራ ለእንግዳ ዓይን ነው።

ሽምብራና ባቄላ ግን እንደ ጤፍ አይደሉም። አንድ ዓመት ረከሰ ብዬ ሽምብራ በኩንታል ገዝቼ ጥሬውን አስቀመጥኩ። ሚያዝያ ላይ ከረጢቱን ስፈታ ከሽምብራው የሚበልጥ ነቀዝ አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ ጥሬ ጥራጥሬ አላሳድርም፤ በገዛሁበት ሳምንት ይለቀማል፣ ይቆላል፣ ይከካል፣ ይበጠራል፣ ከቅመሙ ጋር ተደባልቆ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። የተዘጋጀ ሽሮ በደንብ በተከደነ ዕቃ ውስጥ ክረምቱን ያልፋል።

በርበሬ ዱቄቱን ከገበያ አትግዙ። ሸክላ ፈጭተው የሚቀላቅሉ እንዳሉ የማያውቅ የለም። ዛላውን ገዝታችሁ ከሁለት ወይም ከሦስት ጎረቤት ጋር አብራችሁ አዘጋጁት። በደረቅ ጨርቅ ይወለወላል፣ ፀሐይ ይመታዋል፣ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከዝንጅብሉና ከበሶብላው ጋር ተደልዞ እንደገና ይሰጣል፣ በመጨረሻ ኮረሪማውና አዝሙዱ ገብቶበት ይፈጫል። ለብቻ ከሠሩት ሳምንት ይፈጃል፤ አራት ሴት ካለ ሁለት ቅዳሜ ይበቃዋል። ቅመሙን በጋራ በኪሎ ስለምትገዙት በጉሊት በቁንጣሪ ከሚገዛው ይረክሳል። ማስጠንቀቂያ፦ ከመደለዙ በፊት የእያንዳንዷን ጎረቤት ዛላ መዝናችሁ ጻፉ። በበርበሬ የተኮራረፉ ጎረቤቶች አውቃለሁ።

ቅቤ የሚገዛው በዐቢይ ጾም ነው። የብዙው ሰው ቤት 55 ቀን ቅባት ስለማይነካ ገበያው ይቀዘቅዛል፤ ሰሙነ ሕማማት ሲገባ ግን ዋጋው ለፋሲካ ሽቅብ ይወጣል። ስለዚህ በጾሙ አጋማሽ ለጋውን ገዝታችሁ በኮረሪማ፣ በእርድ፣ በአብሽና በኮሰረት አንጥሩት፤ በደረቅ ብርጭቆ ዕቃ ክደኑት። እርጥብ ማንኪያ ካልገባበት ለወራት ይቆያል። ፎቅ ያለችው ሙስሊም ጎረቤቴ ደግሞ በዐቢይ ጾም እንቁላል በርካሽ እየገዛች ልጆቿን ታበላለች፤ እኔ በበኩሌ ረመዳን ሲገባ ቴምር አልገዛም፣ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ።

ክረምት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ይወደዳሉ፣ ጎመን ይረክሳል። በሐምሌ የሽንኩርት ወጥ ካልሠራሁ ብሎ መሟገት ትርፉ ድካም ነው። ጎመን፣ ድንች፣ ክክ አልጫ። ቁሌቱን ቀንሱት።

አራተኛ፦ እንጀራ

የቤቱ ትልቁ ወጪ እሱ ስለሆነ ቀስ ብለን እንሂድ።

መጀመሪያ ሒሳቡን ሥሩ። በእኔ ምጣድ ከአንድ ኪሎ ዱቄት አምስት ገደማ እንጀራ ይወጣል። ሱቅ ያለውን የአንድ እንጀራ ዋጋ በአምስት አባዙ፤ ከዚያ የአንድ ኪሎ ጤፍ ዋጋ፣ የወፍጮውንና የመብራቱን ጨምራችሁ አስተያዩት። ልዩነቱ ለድካማችሁ የሚከፈላችሁ ነው። ብቻችሁን ወይም ሁለት ሆናችሁ የምትኖሩ ከሆነ አያዋጣም፤ ግዙ፣ ጊዜያችሁን ለሌላ አድርጉት። ከአራት ሰው በላይ ከሆናችሁ ያዋጣል፣ በብዙም ያዋጣል።

ሁለተኛው ነገር ወፍጮ ነው። ጤፉን ቤት አበጥራችሁና ነፍታችሁ ውሰዱ። ወፍጮ ቤት ስትደርሱ ከእናንተ በፊት ምን እንደ ተፈጨ ጠይቁ፤ በቆሎ ከነበረ የመጀመሪያው ኪሎ የእናንተ ጤፍ አይደለም። ጤፍ እስኪመጣ መጠበቅ ወይም ጠዋት ማልዶ መድረስ ነው መድኃኒቱ።

ሦስተኛው ቅይጥ ነው። ጤፍ ብቻ ካልሆነ የሚሉ አሉ፤ እኔ ከአራት እጅ አንዱን ነጭ ማሽላ አደርጋለሁ፣ ቤተሰቤም ካልነገርኩት አያውቀውም ነበር። ሩዝም ይሆናል፣ እንጀራውን ያነጣዋል፤ ግን ሩዙ ከበዛ ሲያድር ይደርቅና ይሰነጠቃል። በቆሎ ለዕለቱ ጥሩ ነው፣ ለማግስቱ ግን አይሆንም። ዱቄቱን ራሳችሁ ቀይጡ። ተቀይጦ የመጣ ዱቄት ምን እንደ ተቀየጠበት የሚያውቀው የቀየጠው ሰው ነው፤ ጄሶና ሰጋቱራ ተገኘ ሲባል ስንት ጊዜ ሰምተናል።

አራተኛ፣ አቡክታችሁ ከእርሾው ጋር ሁለት ሌሊት ወይም ሦስት አቆዩት፤ በክረምት ሦስት፣ በበጋ ሁለት። ላዩ ላይ የቆመውን ውኃ ድፉት፣ ጥቂቱን ለሚቀጥለው እርሾ አስቀሩ። አብሲቱን አትዝለሉት። ከሊጡ ጥቂት ወስዶ በፈላ ውኃ አብስሎ መመለስ አሥር ደቂቃ ቢወስድ ነው፤ ዓይን የሌለው እንጀራ ግን ልጅ አይበላውም፣ ያልተበላ እንጀራ ደግሞ የተጣለ ብር ነው።

አምስተኛ፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከመጋገር በአንድ ጊዜ ብዙ ጋግሩ። የኤሌክትሪክ ምጣድ መብራት የሚበላው እስኪሞቅ ነው። አንዴ ከሞቀ ሠላሳውንም በተከታታይ አውጡት። የመጨረሻው ሁለት እንጀራ ሲቀር ሶኬቱን ንቀሉ፤ ሸክላው በያዘው ሙቀት ያበስላቸዋል። ማሰሻውን በየእንጀራው አትርሱ፣ የተጣበቀ እንጀራ ለድመት ነው የሚሆነው። በኛ ግቢ ሦስት ቤት በአንድ ቀን ተራ ይዘን በአንድ ምጣድ እንጋግራለን፦ አንዷ እንደጨረሰች ሌላዋ በሞቀው ትቀጥላለች፣ የካርዱን ሒሳብ በእንጀራ ብዛት እንካፈላለን። የጋራ መገልገያ ሕንፃ ያለበት ኮንዶሚኒየም ይህን ለመሥራት ምቹ ነው፤ ብዙ ቦታ ግን ዕቃ ማከማቻ ሆኖ ተቆልፏል። ኮሚቴውን ጠይቁ፣ ይከፈትላችሁ።

የተረፈ እንጀራ ሦስት መንገድ አለው። የትናንቱ ቁርስ ፍርፍር ይሆናል። ሁለት ቀን ያለፈው ሳይሻግት ተቆራርሶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ድርቆሽ ይሆናል፤ በጨርቅ ከረጢት ወራት ይቀመጣል፣ ወጥ ባነሰ ቀን ይታደጋል። ልጇ ቤሩት የምትሠራ ጎረቤቴ ድርቆሹን ከበርበሬው ጋር አሽጋ በሰው ትልክላታለች። ሦስተኛው መንገድ፣ የሻገተ ከሆነ፣ መጣል ነው። ሻጋታውን ጠርጎ መብላት ቁጠባ አይባልም።

መብራት፣ ከሰል፣ ውኃ

በአጭሩ። የመብራት ታሪፍ በእርከን ነው፤ ብዙ የሚጠቀም ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓትም የበለጠ ይከፍላል። ስለዚህ ምጣዱንና የውኃ ማሞቂያውን መቆጣጠር አምፖል ከማጥፋት ይበልጣል። ክክና ባቄላ ማታ ዘፍዝፋችሁ ጠዋት ቀቅሉ። ከሰል የምትጠቀሙ ከሆነ ላቀች የሚባለው ከሰል ቆጣቢ ምድጃ ከተራው ቆርቆሮ ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። ከወጡ በኋላ የተረፈው ፍም ላይ የነገውን ውኃ አፍልታችሁ ፔርሙዝ ውስጥ ጨምሩ።

ውኃ በፈረቃ ነውና ጀሪካኖቹን ለዩ፦ የመጠጡ በሌላ ቀለም፣ የዕጥበቱ በሌላ። የመጠጡን መጀመሪያ የተቀዳውን መጀመሪያ ተጠቀሙ። ሳምንት ያለፈውን ለልብስ አድርጉት። የልብስ መለቅለቂያው ውኃ ለመጸዳጃ ቤት ይሄዳል። እዚህ ላይ ምክር የሚያስፈልገው የአዲስ አበባ ሰው አለ ብዬ አላምንም።

አምስተኛ፦ ሸማቾችን እንደ አባል ተጠቀሙበት

ብዙ ሰው የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበርን የድሮው ኅብረት ሱቅ አድርጎ ነው የሚያየው፤ ስኳርና ዘይት ሲመጣ ብቻ ይሄዳል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። የድሮው የቀበሌ ነበር። የአሁኑ በሕግ የአባላቱ ነው፤ እጣ ገዝታችሁ አባል ትሆናላችሁ፣ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ድምፅ አላችሁ፣ ትርፍ ካለ ክፍፍል ይደርሳችኋል። በተግባር ሁሉም ማኅበር እንዲህ ይሠራል ማለት አይደለም። ግን አባል ካልሆናችሁ ለመጠየቅም መብት የላችሁም።

ስትሄዱ ሁሉንም እዚያ አትግዙ። ከእሁድ ገበያውና ከጉሊቱ ጋር አስተያዩ። በእኔ ሰፈር ስኳር፣ ዘይትና ዱቄት ሸማቾች ጋ ይረክሳል፤ ሽንኩርትና ድንች እሁድ ገበያ፤ ሰላጣና ቃሪያ ደግሞ ከጉሊቷ ሴትዮ ይሻላል፤ በዚያ ላይ ትመርቃለች። እሁድ ገበያ ጠዋት ምርጡ አለ፣ ከሰዓት በኋላ ርካሹ አለ። ለወጥ የሚሆን ቲማቲም ከሰዓት በኋላ ይገዛል።

ስድስተኛ፦ እቁብ፣ ግን በደንቡ

የታኅሣሡ ግዢ ገንዘብ የሚመጣው ከዚህ ነው። ባንክ ያስቀመጥነው ብር በስልክ ሁለት ነካ ሲደረግ ይወጣል፤ እቁብ የገባ ብር ግን እጣው እስኪደርስ አይገኝም። ጥቅሙም ይኸው ነው። ሰው ፊት ማፈር ከወለድ የበለጠ ያስቆጥባል።

አመሠራረቱ እንዲህ ነው። ከአሥር እስከ ሃያ የሚሆኑ፣ የገቢያቸውን ቀን የምታውቋቸው ሰዎች ሰብስቡ። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ምረጡ፤ ሦስቱ ዘመዳሞች አይሁኑ። እያንዳንዱ እጣ ሲወጣለት ዋስ ይጥራ፤ ዋሱም ከዚያው እቁብ ገና ያልበላ ሰው ይሁን። ያልበላ ዋስ ከራሱ ተራ ስለሚቆረጥበት የምር ይከታተላል። ውሉን በወረቀት አስፍሩ፣ ሁሉም ይፈርም። የቀረ ሰው ስንት ይቀጣል፣ የሞተ ሰው ቤተሰብ ምን ይሆናል፣ ይጻፍ።

አሁን ድሮ ያልነበረ አንድ ነገር። ቀድሞ የበላ ሰው ወለድ የሌለው ብድር አገኘ ማለት ነው፤ መጨረሻ የበላው ደግሞ ወለድ የሌለው ቁጠባ ነው የቆጠበው። ዋጋ በማይንቀሳቀስበት ዘመን ሁለቱ እኩል ነበሩ። ዛሬ ሃያኛው ሰው የሚቀበለው ብር በመጀመሪያው ሳምንት የነበረውን ያህል ጤፍ አይገዛም። ስለዚህ እቁቡን አታርዝሙት። በሳምንት 1,000 ብር የሚጥሉ ሃያ ሰዎች ካሉ እጣው 20,000 ብር ነው፣ በሃያ ሳምንት ያልቃል፤ ከዚያ በላይ የሚሄድ እቁብ አልገባም። ነሐሴ አጋማሽ ከተጀመረ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ሁሉም በልቶ ይጨርሳል፣ የእህሉ ሰሞንም እሱ ነው። የእኛ እቁብ ደግሞ ቀድሞ የበላ ሰው ለመጨረሻዎቹ አምስት ሰዎች ማካካሻ የሚሆን ጥቂት ብር ትቶ እንዲወጣ ተስማምቷል። ብዙ ጭቅጭቅ አስነስቶ ነበር። ሁለተኛው ዙር ላይ ግን ማንም አልተቃወመም፣ ምክንያቱም መጨረሻ መሆንን ሁሉም ቀምሶት ነበር።

ሁለት እቁብ በአንድ ጊዜ አትግቡ። እኔ ገብቼ አውቃለሁ፤ ልጄ ታመመና የአንዱን ለሌላው እየከፈልኩ አራት ወር ተሰቃየሁ። የሳምንቱ መዋጮ በታመማችሁበት ሳምንትም የምትከፍሉት መጠን ይሁን።

ቅርጫና እድር

በዓል የድሃን ቤት ዓመት የሚያናጋው በሁለት ቀን ውስጥ ነው። ሥጋ በኪሎ ከሉካንዳ ከመግዛት ቅርጫ መግባት ይረክሳል፣ ከጨጓራው እስከ ሻኛው ሁሉም ይደርሳችኋልና። ስምንት ወይም አሥር ቤት ሁኑ። በሬው በዓሉ ዋዜማ ሳይሆን ሳምንት ቀደም ብሎ ይገዛ፤ ጠባቂውና ድርቆው ይከፈልበታል፣ ቢሆንም ያዋጣል። የሚያርደውን ሰውና ቦታውን ቀድማችሁ ያዙ። ቆዳው የማን እንደሚሆን ከመታረዱ በፊት ተነጋገሩ። ሲከፋፈል ሁሉም መደብ እኩል መሆኑን የሚያየው ሥጋ የሚያውቅ ሰው ይሁን፤ ከዚያ እያንዳንዱ ቁልፍም ይሁን ሳንቲም አንድ ምልክት ይስጥ፣ ያላየ ልጅ በየመደቡ ያስቀምጠው። ክርክር የለም።

እድር ደግሞ ለኀዘን ብቻ አይደለም። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱና ሳህኑ በአባል ዋጋ ይከራያል። ልጃችንን ስንድር አዳራሽ አልተከራየንም፤ የእድሩ ድንኳን ተተከለ፣ የሰፈር ሴቶች ሠሩ። አንዳንድ ዘመድ «ለምን አዳራሽ አላደረጋችሁም» ብሎ ነበር። ወጥ ሲቀርብለት ዝም አለ።

ልብስ፣ ጫማ፣ የቤት ዕቃ

ሰልባጅ ስትገዙ ብብቱን፣ ዚፑንና የሱሪውን መቀመጫ ወደ ብርሃን አንሥታችሁ እዩ፤ ጨርቁ ከሳሳ ተዉት። ዩኒፎርም ስታሰፉ እጥፋቱ ሰፊ ይሁን፣ በሁለተኛው ዓመት ይለቀቃል። ጫማ ተሰፍቶ ሶሉ ሊለወጥ የሚችለውን ግዙ፤ በሙጫ ብቻ የተያያዘው አንድ ክረምት ነው ዕድሜው። ያለቀ ልብስ ለልዋጭ፣ ብረትና ጠርሙስ ለቆራሌው ይሂድ። የድስት ክዳን ወይም የምድጃ እግር ሲጎድል አዲስ ከመግዛት በፊት መርካቶ ምናለሽ ተራ ውጡ፤ እዚያ ያልተገኘ ነገር ሌላ ቦታ መፈለግ ከንቱ ነው።

ጳጉሜ ላይ

አምስቱን ቀን ለደብተሩ ስጡት። በየገጹ ያለውን ቀን ደምሩ፦ ጤፉ ስንት ቀን አደረሰ፣ ቅቤው እስከ መቼ ሄደ፣ በወሬ ተነሥታችሁ የገዛችሁት ዕቃ ስንቱ ተበላሸ። ከዚያ ለመጪው ዓመት አንድ ነጠላ ወረቀት ጻፉና ጓዳው በር ላይ ለጥፉት። የእኔ የዘንድሮው እንዲህ ይላል፦ ነሐሴ አጋማሽ የተጀመረው እቁብ ታኅሣሥ ላይ ያልቃል። ጥር፣ ሁለት ኩንታል ሰርገኛ፣ ግማሽ ኩንታል ነጭ ማሽላ። በርበሬ 12 ኪሎ ከፎቅዋ ጋር። የካቲት፣ የሸማቾች ጉባኤ፣ የክፍፍሉን ነገር ጠይቂ። ዐቢይ ጾም አጋማሽ፣ ቅቤ አራት ኪሎ። ሰኔ፣ የባልኮኒው ግድግዳ ቀዳዳ ይደፈን። ሳሙና፣ አትግዢ፤ 9 አለ።